የጥርስ ሠሪው ሰባ ዓመት

ለመሆኑ ፊት መቀባት ስንት ዓመት ይማሩታል?

እማማ ካውያ ይህን ጥያቄ ራሳቸውን ጠይቀዋል፣ ጎረቤታቸውን ልብስ ሰፊዋን ጠይቀዋል፣ አንድ ቀን ደግሞ ሳይታወቃቸው ዳቦ ሻጩን ጠይቀው፣ «እማማ፣ የዛሬውን ዳቦ ነው የሚሉኝ?» ተብለው አፍረው ተመልሰዋል። መልስ ያለው ሰው አልተገኘም። እሳቸው ልብስ መተኮስን፣ ያውም የወንድ ሸሚዝ ከነኮሌታው፣ በሦስት ሳምንት ለምደው ሠላሳ አንድ ዓመት ላውንደሪ ቤት ቆመው ሠርተውበታል። ካውያ የሚለው ስማቸውም ከዚያው የመጣ ነው። ታዲያ ፊት፣ ያውም እግዜር ጨርሶ የሰጠው ፊት፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ምኑን ይማሩታል?

«ሦስት ወር ይበቃታል» ይሏታል ልብስ ሰፊዋን። «ከዳቦ ቤቱ በላይ ያለው ትምህርት ቤት ሦስት ወር ነው የሚለው። እዚሁ መስኮቴ ላይ ሆኜ ደረጃውን ስትወጣ አያታለሁ። በምሳ ሰዓት ከች ትላለች። ምን ይጎድለዋል?»

«የጎደለውማ የልጅቷ ፈቃድ ነው፣ እማማ» ትላለች ልብስ ሰፊዋ፣ መርፌዋን በከንፈሯ እንደያዘች።

ልጅቷ የልጅ ልጃቸው ኩሌ ናት። በአራት ዓመቷ የአያቷን ኩል አንሥታ የሰፈሩን ድመት ስትኳል ስለተያዘች ነው ኩሌ የተባለችው። ድመቷ ያን ቀን እንደ ወጣች ቀረች፤ ስሙ ግን ልጅቷ ላይ ተጣብቆ ይኸው ሃያ ዓመት ሞላት። ኩሌ ለሜካፕ ሙያ ሁለት ትምህርት ቤት አማርጣለች። አንዱ ይኸው ከዳቦ ቤቱ በላይ ያለው ነው፤ ሙሽራ ማስዋብ ያስተምራሉ፣ መስታወቱ ሁሉ ዙሪያውን አምፖል ነው። ሌላው በአውቶቡስ አንድ ቀን ሙሉ የሚያስኬድ ከተማ ውስጥ ነው፤ እዚያ የቲያትርና የፊልም ፊት ይሠራል። ጠባሳ፣ ቁስል፣ ራሰ በራ፣ እርጅና።

«እርጅናን ለመማር ሁለት ዓመት?» አሉ እማማ ካውያ መጀመሪያ የሰሙ ቀን። «እኔ ጋ ቁጭ ብትይ አላስተምርሽም?»

«እየተማርኩብሽ እኮ ነው፣ አያቴ!»

ነገሩ እውነት ነበር። ኩሌ በየጠዋቱ አገጫቸውን ይዛ ወደ መስኮቱ ታዞራቸዋለች። «ሳቂ። አሁን ተቆጪ። አሁን ደግሞ ፀሐይ ዓይንሽ ውስጥ እንደ ገባ አድርጊ።» እሳቸውም እያጉረመረሙ ያደርጉታል።

«እርጅና ዝም ብሎ መስመር ማስመር አይደለም» ስትል ታስረዳቸዋለች። «ቆዳ በራሱ የሚታጠፍበት ቦታ አለው። ሰውየውን ታስቂዋለሽ፣ ታስቆጪዋለሽ፣ የታጠፈበትን ቦታ በብሩሽ ትከተያለሽ። ሰው ሲያረጅ ፊቱ ላይ የሚቀረው ዕድሜውን ሙሉ ሲያደርገው የኖረው ነው።»

እማማ ካውያ አሰቡበት። «እንደ ሸሚዝ» አሉ። «ሸሚዝም ሁልጊዜ የሚታጠፍበት መስመር በእሳትም አይለቅ።»

«እንደ ሸሚዝ!» ብላ ኩሌ ግንባራቸውን ሳመቻቸው። የሩቁ ትምህርት ቤት ባይኖር ኖሮ ከዚያ የሚበልጥ ጠዋት አልነበረም።

ይህ ሁሉ አልበቃ ብሎ ደግሞ ጥርስ ሠሪው አለ።

ጥርስ ሠሪው መንገዱ ማጠፊያ ላይ ካለው የጥርስ ሐኪም ጓሮ፣ ከአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ሰምና ጀሶ መሀል ተቀምጦ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራ ወጣት ነው። የእማማ ካውያን ላይኛውንም ታችኛውንም የሠራው እሱ ነው። ሰባት ጊዜ ተመላልሰው ነበር፤ ኩሌም ሰባቱንም ጊዜ ደግፋ አድርሳቸዋለች። በሦስተኛው ቀን ወጣቱ የድዱን ቀለም ሲመርጥ ኩሌ ከኋላው ቆማ፣ «ይሄ ሮዝ አይሆንም። የአያቴ ድድ ትንሽ ቡናማ አለበት፣ ወደ ጥግ ሲሄድ ደግሞ ይጠቁራል» አለችው። ሰውዬው ዞሮ አያት። አያትና ቀለሙን ረሳው። የሰው ፍቅር በአበባ፣ በጨረቃ ይጀምራል፤ የእነዚህ ልጆች በእማማ ካውያ ድድ ጀመረ።

ለዚህም ነው እማማ ያልተዋጠላቸው። «አፌን ባዶውን ያየ ሰው፣ በየትኛው ዓይኔ አማቼ ብዬ ልየው?» ይላሉ። ደግሞም ስቆባቸዋል። ጥርሱን በገጠሙ ቀን፣ ገና ከወንበሩ ሳይነሡ፣ ወጣቱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ሲስቅ በዓይናቸው በብረቱ አይተውታል። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላምታውን አይመልሱም። በሠራላቸው ጥርስ ዳቦ እያላመጡ፣ በዚያው ጥርስ ያሙታል።

እንግዲህ የሩቁ ትምህርት ቤት ፈተና ይህ ነበር፤ የአንድ ወጣት ፊት ወደ ሰባ ዓመት ተለውጦ፣ ከፊትና ከሁለቱም ጎን ተነሥቶ፣ ፎቶው በፖስታ ይላክ። ኩሌ ሠራች፣ ላከች። በማን ፊት ላይ እንደ ሠራችው ለአያቷ አልነገረቻቸውም። የነገረቻቸው ፖስታውን ፖስታ ቤት የሚያደርስላት ጥርስ ሠሪው መሆኑን ብቻ ነው፤ እማማም እሱን ሲሰሙ በንዴት ሌላውን መጠየቅ ረሱት።

መልሱ የመጣው ባለፈው ሳምንት ሐሙስ፣ ኩሌ ቤት በሌለችበት ነው። የተቀበሉት እማማ ካውያ ናቸው። ትልቅ ቡናማ ፖስታ፣ አፉ በደንብ የተጣበቀ። እሳቸው ደግሞ የእንፋሎት ሰው ናቸው። ካውያውን ሰኩ፣ ውኃውን ሞሉ፣ የፖስታውን አፍ አስጠጉት፣ እንደ ረጠበ ኮሌታ ተላቀቀ። መነጽራቸውን አድርገው የመጀመሪያውን መስመር ብቻ አነበቡ። «በታላቅ ደስታ እንገልጽልሻለን» ይላል።

የኩሌም እናት፣ ኩሌ ስምንት ዓመት ሲሞላት፣ «ለስድስት ወር ሥልጠና ነው፣ እማዬ» ብላ በዚያው አውቶቡስ ሄዳ ነበር። ይኸው አሥራ ሁለት ዓመቷ። ደብዳቤዋ ይመጣል፣ ፎቶዋ ይመጣል፣ እሷ ግን በዓመት አንዴ ለሦስት ቀን ብቅ ትላለች እንጂ አልተመለሰችም። እማማ ካውያ ሌላውን ሳያዩ ወረቀቱን መልሰው፣ ፖስታውን መተኮሻ ጠረጴዛቸው ላይ ካለው ብርድ ልብስ ሥር አስገቡት። ዘጠኝ ቀን ሙሉ በላዩ ላይ ልብስ ተኮሱበት። አንሶላውን፣ ትራስ ልብሱን፣ የኩሌን ቀሚስ ሁሉ። በተኮሱ ቁጥር ወረቀቱ ከሥር ኮሽ ይላል፤ ኮሽ ባለ ቁጥር እሳቸው ጮክ ብለው ያዜማሉ።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ከዳቦ ቤቱ በላይ ምዝገባው ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል።

እማማ ካውያ የሰማያዊ ሸሚዛቸውን ጀርባ እየተኮሱ ሳለ ከበሩ ውጪ፣ ደረጃው ላይ፣ ድምፅ ሰሙ። ካውያውን አስቀምጠው ወደ በሩ ተጠጉ።

«እውነቱን ንገረኝ» አለች ኩሌ። «ፖስታውን አላስገባኸውም አይደል?»

«አስገብቻለሁ» አለ ጥርስ ሠሪው።

«መቼ?»

«የሰጠሽኝ ቀን። ከሰዓት በኋላ።»

«እሺ፣ ደረሰኙስ?»

«ደረሰኙማ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ነበረ። ጀሶ ፈሰሰበት።»

«እና?»

«እና ድንጋይ ሆነ። ይኸው፣ ይዤልሽ መጥቻለሁ። ውስጡ አለ።»

እማማ ካውያ በቁልፉ ቀዳዳ አጮለቁ። ወጣቱ በመዳፉ ላይ እንቁላል የሚያህል ነጭ ድንጋይ ይዞ ቆሟል፤ በአንዱ ጎን የወረቀት ጫፍ ብቅ ብሏል። በሌላ ቀን ቢሆን ኩሌ ሆዷን ይዛ በሳቀች። ዛሬ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ድንጋዩን ብቻ ታያለች።

«ይሄን ለዳኛ ብታሳየው ያምንሃል?»

«ዳኛዋ አንቺ ከሆንሽማ፣ እኔ ተፈርዶብኛል።»

«አትቀልድብኝ! አንድ ወር ሊሆን ነው። የሁሉም መልስ መጥቷል። የኔ ብቻ የት ገባ? እንዳልሄድ ፈልገህ ነው። እዚሁ ዓይንህ ሥር እንድቀር!»

ጥርስ ሠሪው ሲመልስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። «እንዳትሄጂ እፈልጋለሁ። ውሸት አልናገርም። ሌሊት ተኝቼ እንኳ አውቶቡሱን ጎማውን ሳስተነፍስ አድራለሁ። ፖስታውን ግን አስገብቻለሁ፣ ኩሌ። ሁለቱ የተለያየ ነገር ነው።»

«በቃ። ዛሬ ከዳቦ ቤቱ በላይ እመዘገባለሁ። ደስ ይበልህ።»

በሩ ተከፈተ። ኩሌ አያቷን ሳታይ አልፋ ክፍሏ ገባችና ዘጋችው። ጥርስ ሠሪው ደረጃው ላይ ቀረ። ከዚያ ድንጋዩን ኪሱ ከተተና፣ ከበሩ ጀርባ ሰው መኖሩን እንደሚያውቅ ሁሉ፣ ቀስ ብሎ «ደኅና ይዋሉ፣ እማማ» አለ። የእግሩ ኮቴ አንድ በአንድ ወረደ።

እማማ ካውያ አልመለሱለትም። በዕድሜያቸው እንደዚያ ቀን አፋቸው ውስጥ ያለው ጥርስ ከብዷቸው አያውቅም።

ከዚያ ነው የሸተታቸው።

ጨርቅ ሲያር! ዘለው ጠረጴዛው ጋ ደረሱ። ካውያው በፊቱ ተደፍቷል፤ የሰማያዊው ሸሚዝ ጀርባ ላይ የካውያው ቅርጽ ልክ እንደ ጀልባ ቁጭ ብሏል። ሠላሳ አንድ ዓመት አንዲት መሐረብ ያላቃጠሉት ሴትዮ! ካውያውን ነቀሉ፣ ሸሚዙን ወረወሩ፣ ብርድ ልብሱን ገለጡ። ፖስታው ጠርዙ ላይ እንደ ዳቦ ቅርፊት ቡናማ ሆኗል። ውስጡ ተቃጥሎ ይሆን ብለው በድንጋጤ ያለውን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት።

መጀመሪያ ያዩት ከደብዳቤው ጋር የተመለሰውን ፎቶ ነው።

አንድ ሽማግሌ። ሰባ ዓመት ይሆናቸዋል። ቅንድባቸው ነጭ፣ ጉንጫቸው ወረድ ያለ፣ ዓይናቸው ግን ብርሃን ያለው። ማን ናቸው እኚህ ሰውዬ? እማማ ካውያ መነጽራቸውን አስተካከሉ። ሳይታወቃቸው ፀጉራቸውንም አስተካከሉ።

የጨርቅ እጥፋት ያነበበ ዓይን የፊትንም ያነባል። ከዓይናቸው ጥግ መስመሮች እንደ ማራገቢያ ተዘርግተዋል፤ ይህ የሳቅ ነው። በቅንድባቸው መሀል ምንም የለም፣ ልሙጥ ነው፤ እኚህ ሰውዬ ቤት ሲገቡ ድስት ከፍተው የሚቆጡ አልነበሩም። ከአፋቸው በስተግራ ግን አንድ ጠለቅ ያለ ጉድባ አለ፤ ሳቁን የሚያፍን ሰው የሚኖረው ዓይነት፣ ሌላው እንዳያፍር ብሎ ዋጥ የሚያደርግ።

«ወይ ጉድ» አሉ እማማ በሹክሹክታ። «ለእንዲህ ያለ ሰውማ ልጄን ከነሻንጣዋ እሰጥ ነበር።»

ሁለተኛውን ፎቶ አነሡ። የጎኑን ነው። ጆሮ፣ አንገት፣ ከጆሮው ጀርባ ደግሞ የምስር ፍሬ የምታህል ነጭ ነጥብ። ቀለም አይደለችም። እማማ ካውያ ፎቶውን ወደ መስኮቱ አስጠጉ። ጀሶ ናት። ሰውየው ሲታጠብ ሁልጊዜ ያቺን ቦታ ይረሳታል፤ እሳቸውም ሰባቱንም ቀን አፋቸውን ከፍተው ሲቀመጡ ያቺን ነጥብ ነበር የሚያዩት።

ፎቶው ከእጃቸው ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ገለበጡት። ጀርባው ላይ የኩሌ የእርሳስ ጽሑፍ አለ፤ እያንዳንዱን መስመር ከየት እንዳመጣችው ጽፋለች። ፊደሉን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ።

«የዓይን ጥግ፦ ስለ ሥራው ሲያወራ። ግንባር፦ ሰው ሲያመው ሲያይ ብቻ። የአፍ ግራ፦ ሳቁን ሲያፍን። ይህን ያየሁት አያቴ በአዲሱ ጥርሷ መጀመሪያ ሐኪሙን የተሳደበች ቀን ነው።»

እማማ ካውያ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። ሐኪሙን? መቼ? ... እውነትም! ያ ሐኪም አንድ ሰዓት ሙሉ «ክፈቺ፣ ዝጊ፣ ክፈቺ፣ ዝጊ» ሲላቸው ከርሞ፣ ጥርሱ ግጥም እንዳለ እሳቸው ጮክ ብለው፣ «አሁን አንተ ዝጋ፣ ተራው የኔ ነው!» ብለውት ነበር። ለካ ልጁ የሳቀው በዚያ ነው። በባዶ አፋቸው መስሏቸው ስንት ሰላምታ በልተውበታል! ከመቀመጫቸው ሳይነሡ ሳቅ አመለጣቸው፣ ወዲያው እንባ ተከተለው፣ ሁለቱ ተደባለቁባቸው።

ከፎቶው ሥር ደብዳቤው ነበር። ከታተመው ግርጌ አንድ መምህር በእጁ ጨምሮበታል፦ «ሽማግሌ ሥሎ የላከልን ብዙ ነው። ደስ ብሎት ያረጀ ሰው የላክሽልን ግን አንቺ ብቻ ነሽ። ትምህርት በሚከፈትበት ሰኞ ጠዋት እንጠብቅሻለን።» ያ ሰኞ ከነገ ወዲያ ነው።

የክፍሉ በር ተከፈተ። ኩሌ ለምዝገባ ለብሳ፣ ዓይኗን ታጥባ ወጣች። እንባ የነካው ፊት በምንም ቀለም እንደማይደበቅ እሷው ናት ያስተማረቻቸው።

«ኩሌ፣ ነይማ።»

«አያቴ፣ ረፍዶብኛል።»

«ልብስ አቃጠልኩ።»

ኩሌ ባለችበት ደረቀች። «አንቺ? አንቺ ልብስ አቃጠልሽ?» ቦርሳዋን ጥላ ሮጠች፣ ግንባራቸውን ዳሰሰች። «ምን ሆንሽብኝ? ራስሽን አዞረሽ? ውኃ ላምጣ?»

«ደኅና ነኝ። ሌባ ነኝ እንጂ ደኅና ነኝ።» ፖስታውን ከነደብዳቤው በሁለት እጃቸው ሰጧት። «ልጁ አስገብቶታል። መልሱ ከመጣ ዘጠኝ ቀኑ ነው። የደበቅኩት እኔ ነኝ።»

ኩሌ የተለበለበውን ጠርዝ አየች።

«እናትሽም ስድስት ወር ነበር ያለችኝ» አሉ እማማ ካውያ፣ ድምፃቸው እየተሰበረ። «ከዳቦ ቤቱ በላይ ብትሆኚ በመስኮት አይሻለሁ አልኩ። አርጅቼ ነው መሰለኝ፣ ሰውን በመስኮት ማየት ማሳደግ መሰለኝ። ልጁንም በከንቱ አስጠረጠርኩት። ድንጋዩን ይዞ ሲቆም አይቼ እንኳ አፌን አልከፈትኩም። እሱ በሠራልኝ አፍ!» ፎቶውን በጣታቸው ነካ አደረጉ። «እኚህን ሰውዬ ሳላውቃቸው ወደድኳቸው፣ ኩሌ። ሳውቃቸው ደግሞ አፈርኩ። እንዲህ ሆኖ የሚያረጅ ሰው ሁለት ዓመት መጠበቅ አያቅተውም። እኔም... እኔም እሞክራለሁ።»

ኩሌ ደብዳቤውን ታነባለች። እማማ ካውያ ፊቷን ያነባሉ። በቅንድቧ መሀል አንድ እጥፋት ብቅ አለ፤ ቀጭን፣ አዲስ። ይህ መስመር በእኔ ምክንያት ይቀርባት ይሆን? በሰባ ዓመቷ መስታወት ስታይ፣ «ይሄ አያቴ ፖስታዬን የደበቀች ቀን የመጣ ነው» ትል ይሆን? «ሰኞ» የሚለው ላይ ስትደርስ የልጅቷ ከንፈር ተንቀጠቀጠ። ለሳቅ ይሁን ለልቅሶ አልለየም።

ደብዳቤውን አጠፈችው። የጎኑን ፎቶ ይዛ ሌሎቹን ጠረጴዛው ላይ ተወች። የወደቀውን ቦርሳዋን ተራምዳ፣ ከበሩ ጀርባ ካለው መስቀያ ሻርፕ ስባ አንገቷ ላይ ጠቀለለች። እማማ ካውያ አንዲት ቃል ጠበቁ። «መጣሁ» ሳትል ከዚህ ቤት ወጥታ አታውቅም፤ ለዳቦም ብትሆን፣ ለጎረቤትም ብትሆን። ዛሬ ወደ ኋላዋ ሳትዞር፣ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ወጣች።

እማማ ወደ መስኮቱ እንዴት እንደ ደረሱ አያውቁትም። ኩሌ ከሕንፃው ወጣች። በግራ ዳቦ ቤቱና ደረጃው አለ። ቀጥታ አውቶቡስ መናኸሪያው። በቀኝ የመንገዱ ማጠፊያ፣ የጥርስ ሐኪሙ ጓሮ።

ወደ ቀኝ ዞረች። መጀመሪያ እየተራመደች፣ ከዚያ እየፈጠነች፣ ከዚያ ፎቶውን ደረቷ ላይ ይዛ፣ ሰው እየገፋች፣ እየሮጠች። የሻርፑ ጫፍ ከኋላዋ ይውለበለባል።

ያን ጊዜ ነው እማማ ካውያ ልብ ያሉት። ቡናማው፣ ባለ ዘርፉ ሻርፕ ነው። የሷ አረንጓዴው እዚያው መስቀያው ላይ ተንጠልጥሏል። ልጅቷ የአያቷን ሻርፕ ለብሳ ነው የሄደችው፤ የተቀየመ ሰው ደግሞ የሰው ሻርፕ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ አይሄድም።

ብቻቸውን ሳቁ፣ አፋቸውን ሞልተው። ጥርሱ ንቅንቅ አላለም። የተከፈተውን በር ሊዘጉ ሄደው፣ መያዣውን ጨብጠው ጥቂት ቆሙና፣ እንደ ተከፈተ ተዉት።